አድኦን በፍላሽ መቀባበል፦ የደሴና የኮምቦልቻ ክር ከነመልሶቹ

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ኤንቪዲኤ ስለሚባለው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ስለሚያነብልን ፕሮግራም፣ እና አድኦን ስለሚባሉት ተጨማሪዎቹ ነው። ደሴ ውስጥ ዐይነ ስውራን ተማሪዎችን ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ክሩ አሁን ረዝሟል። አንዳንዱ መልስ ከርዕሱ ወጥቷል፤ አንዱን አወያዮቹ አጥፍተውታል። አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀል የመጀመሪያ ጽሑፌን እዚህ አስቀምጬ መልሶቹን በየቁጥራቸው እተርካለሁ።

ጽሑፌ ይህ ነበር።

ወገኖቼ፣ ማን እንደሠራው የማናውቀውን የኤንቪዲኤ አድኦን በፍላሽና በቴሌግራም እየተቀባበልን የምንጭነው እስከ መቼ ነው? ብዙዎቻችን የምንማረውም የምንሠራውም በኤንቪዲኤ ነው። ሚካኤል ኩራን የሚባል አውስትራሊያዊ ዐይነ ስውር በ2006 እ.ኤ.አ. ጀመረው። በነጻ ይገኛል፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። አድኦኖቹ ደግሞ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሚሠሯቸው ተጨማሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ግሩም ናቸው። እኔም ያለ እነሱ አልሠራም።

ግን አድኦን ትንሽ ነገር አይደለም። ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሙሉ ፕሮግራም ነው፤ የሚሠራውም እዚያው ኤንቪዲኤ ውስጥ ገብቶ ነው። የሚከልለው አጥር የለም። የምንነካውን ቁልፍ ሁሉ መከታተል ይችላል። ፋይሎቻችንን መክፈት ይችላል። ኢንተርኔት ካገኘ ወደ ፈለገበት መላክ ይችላል። ፓስወርድ ስንጽፍ ለጆሯችን ኮከብ ኮከብ ይባላል እንጂ የተነካው ቁልፍ ለኤንቪዲኤ ስውር አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የሚያይ ሰው ያልጠራው ነገር ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል በዐይኑ ይደርስበታል። እኛ ማስጠንቀቂያውንም፣ ኢሜይሉንም፣ የባንክ ሂሳቡንም የምንሰማው በአንድ ድምፅ ነው። አድኦን ያንን ድምፅ መለወጥ ይችላል። አንዱን መስኮት ሳያነበው እንዲያልፍ፣ 5000ን 500 ብሎ እንዲያነበው ማድረግ ይቻላል። ያለን ምስክር አንድ ብቻ ነው። እሱ ከተገዛ ማንን እንጠይቃለን?

ጽሑፌ እዚህ ላይ አበቃ። መልሶቹ ወዲያው መጡ።

መልስ 1 ከአራዳ የተጻፈ ምርቃት ነው። ጸሐፊው ዕድሜና ጤና ተመኝተውልኝ፣ የልጃቸውን ላፕቶፕ ለማስፈተሽ የት እንደሚሄዱ ጠየቁ። መልስ 2 መስማማቱን ብቻ ገልጾ አለፈ።

መልስ 3 የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነው። ስለ አጥሩ የጻፍኩት ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት ጨመረበት። ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ኤንቪዲኤና ከፍላሽ ላይ የሚነሳው ፖርተብል ኤንቪዲኤ ሥልጣናቸው እኩል አይደለም። የተጫነው ከዊንዶውስ ልዩ ፈቃድ ስላለው በአስተዳዳሪ ሥልጣን የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ጭምር ያነባል፣ ይነካል። ፖርተብሉ ግን እነዚያ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ፓስወርድ የሚገባበት የዊንዶውስ መግቢያ ላይም አይናገርም። ስለዚህ ያልታወቀ አድኦን ለመሞከር የግድ ከሆነ፣ የባንክም የትምህርትም ነገር የሌለበት ኮምፒውተር ላይ፣ በፖርተብሉ ይሁን ነው ምክሩ። ልጁ ፖርተብሉም ቢሆን በተጠቃሚው ስም ያሉትን ፋይሎች ከማንበብ እንደማያግድ ማስታወሱን አልረሳም። ይህ ልጅ በኋላም ይመለሳል።

መልስ 4 የቧንቧ ውሃ ሰፈር እህታችን ናት። የጻፈችው ስለ ኮምፒውተር ሳይሆን ስለ ስልክ ነው፤ ሆኖም ነገሩን ከሁላችንም በላይ የገባት እሷ ትመስለኛለች። ድሮ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሯን የሚያስገባላት የእህቷ ልጅ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ አንድ ብር አላጎደለባትም። ግን ገንዘብ በላከች ቁጥር የት እንደላከች ያውቃል። ስክሪን ሪደር ስትለምድ መጀመሪያ ያደረገችው ያንን ቁጥር መቀየር ነው። አሁን ቁጥሯን ከራሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ያንን ነጻነት አንድ የማታውቀው አድኦን ሰሪ እንዲወስድባት እንደማትፈልግ ጻፈች። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

መልስ 5 ላይ ነገሩ መረር አለ። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ የጻፈውም በቁጣ ነው። አድኦን መጫን ብቻውን ምንም አያመጣም፣ ካልተጠቀሙበት ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ የቀረውን አንቲቫይረስ ይይዘዋል የሚል ነበር ክርክሩ። እኔንም ሰው አስደንግጦ ስም የሚፈልግ ብሎኛል። ስሙን ትቼ ወደ ነገሩ ልለፍ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ እሱ ነው።

መልስ 6፣ ያው የኢንስቲትዩቱ ተማሪ፣ በትሕትና አረመው። አድኦን በሚጫንበት ቅጽበት እንዲሠራ የሚጻፍ ፋይል አለ፤ ኢንስቶል ታስክስ ይባላል። ፋይሉ ካለ፣ ጫን የሚለውን እንደተጫንን በውስጡ ያለው ኮድ ይሠራል። ከዚያ በኋላ አድኦኑን ተጠቀምን አልተጠቀምን ለውጥ የለውም። አንቲቫይረስም በአብዛኛው የሚያውቀው ከዚህ በፊት የታየ ነገር ነው። እዚሁ ከተማ ውስጥ ተጽፎ በደርዘን ፍላሽ ላይ ብቻ የሚዞር ጥቂት መስመር ፓይተን ሊያመልጠው ይችላል።

መልስ 7 የረዘመው ነው። የጻፈው የሰኞ ገበያ ሰፈር ልጅ ነው፤ ራሱ አድኦን ይሠራል። ቅር ተሰኝቷል። ሌሊት እየነቃ፣ መብራት እስኪመጣ እየጠበቀ፣ ማንም ሳይከፍለው ሠርቶ እንደሚያካፍል ዘርዝሮ፣ አሁን እንደ ሌባ መታየቱ እንዳሳዘነው ጻፈ። ሦስት ነገር አነሳ። የመጀመሪያው፣ ፈረንጆቹ የእኛን ችግር አያውቁትም፤ የአማርኛ ኪቦርድ ሲያስቸግር የሚደርስልን የራሳችን ልጅ ነው። ሁለተኛው፣ አጥር ይሠራ ማለት አድኦንን መግደል ነው፤ አድኦን የሚጠቅመው የኤንቪዲኤን ውስጥ መንካት ስለሚችል ነው። ሦስተኛው፣ ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈራ ከፍቶ ያንብብ።

በሁለተኛው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በመጀመሪያውም እስማማለሁ። በሦስተኛው ላይ ግን መልስ 8 እኔ ልል ያሰብኩትን ቀድሞ አለው፤ ችግሩ አባባሉ ስለታም ነበር። ክፍት መሆኑና መነበቡ ይለያያሉ፣ ፓይተን የማያውቅ ሰው በሩ ቢከፈትለት ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አልፎ የሰኞ ገበያውን ልጅ ማንነት የሚነካ ነገር ጨመረ። ልጁም መለሰ፣ እሱም ደገመ። አወያዮቹ መልስ 9ን ያጠፉት እዚህ ላይ ነው። ደግ አደረጉ።

መልስ 10 አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በወሎ ሰው ወግ አብሽሩ ብለው ገቡ። ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ከገላገሉ በኋላ አንድ የተረሳ ነገር አስታወሱን። ይህ የፍላሽ ልማድ ከስንፍና አልመጣም። በ2014 ዓ.ም ደሴ በጦርነቱ ውስጥ ሳለች ኔትወርክ አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ቆየ። በዚያን ጊዜ ዐይነ ስውር ተማሪ ፋይል የሚያገኘው ከጓደኛው ፍላሽ ነበር። ሌላ መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ተዉ ብቻ ብሎ መምከር እንደማይበቃ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም የሚሠራ መንገድ መፈለግ እንዳለብን አሳሰቡ። ክሩ ከዚህ በኋላ መልኩን ቀየረ። እሳቸውን አመሰግናለሁ።

መልስ 11 ይዞት የመጣው ነገር በጣም ጠቃሚ ነው፤ ቆም ብዬ ላብራራው።

ኤንቪዲኤ በየዓመቱ የመጀመሪያው እትም ላይ፣ እንደ 2024.1 እና 2025.1 ባሉት፣ የውስጥ አሠራሩን ይለውጣል። ያኔ የቆዩ አድኦኖች ተኳኋኝ አይደሉም ተብለው ይዘጋሉ። እያንዳንዱ አድኦን ማኒፌስት የሚባል አጭር የጽሑፍ ፋይል አለው። እዚያ ውስጥ አድኦኑ መጨረሻ የተሞከረበት የኤንቪዲኤ እትም ተጽፏል። በከተማችን ምን ይደረጋል? አንዱ ጎበዝ ያንን ቁጥር ይቀይርና መልሶ ዚፕ አድርጎ ይበትነዋል። አድኦኑ ይነሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን ያ ፋይል አሁን የሰሪው ፋይል አይደለም። መንገድ ላይ አንድ እጅ ነክቶታል። ያ እጅ ከቁጥሩ ሌላ ምን እንደነካ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ሰው ደግሞ እሱ ላይ ጨምሮ ያስተላልፋል። መልስ 11ን የጻፈው ሰው እጁ ላይ ያለው የአንዱ አድኦን ቅጂ ስንት እጅ እንዳለፈ ለማወቅ ቢሞክር ከኮምቦልቻ አልፎ ሊከተለው አልቻለም።

መልስ 12 ላይ የኢንስቲትዩቱ ተማሪ ተመለሰ። የመልስ 11ን ፋይል በቴሌግራም ተቀብሎ ከፈተው። አከፋፈቱን በዝርዝር ጽፎታል፤ ማንም ሊያደርገው ስለሚችል እደግመዋለሁ። አድኦን ማለት ስሙ የተቀየረ ዚፕ ነው። የፋይሉን መጨረሻ ወደ ዚፕ ለውጦ ፈታው። ማኒፌስቱን በኖትፓድ ከፈተ፤ በታች ቀስት አንድ አንድ መስመር እየወረደ አዳመጠ። ስም፣ መግለጫ፣ እትም፣ የሰሪው አድራሻ። ከዚያ ግሎባል ፕለጊንስ የሚለውን ፎልደር ገብቶ የፓይተን ፋይሉን አገኘ። ፓይተን ባታውቁም ፈልግ በሚለው ትእዛዝ የድረ ገጽ አድራሻ መነሻ የሆነውን ኤችቲቲፒ ፈልጉ፣ ብዙ ነገር ይነግራችኋል አለ። እሱም አንድ አገኘ። አድኦኑ ኤንቪዲኤ በተነሳ ቁጥር ወደ አንድ ድረ ገጽ ሄዶ አዲስ እትም አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ካለ ራሱ አውርዶ ይጭናል። ያ ድረ ገጽ ዛሬ የለም። አድራሻው የባለቤትነት ጊዜው አልፎበት ለሽያጭ ቀርቧል።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ሰሪው ክፋት አላሰበም። ለተጠቃሚው ብሎ የጻፈው መስመር ነው። ነገር ግን ነገ ማንም ያንን አድራሻ ቢገዛ፣ አድኦኑ ባለበት ኮምፒውተር ሁሉ የፈለገውን ማስገባት ይችላል። የሰኞ ገበያው ልጅ በመልስ 13 ይህን አይቶ በአጭሩ መለሰ። የራሱን አድኦኖች ሁሉ ሊፈትሽ ወስኗል። ቁጣው በርዷል። ጨዋነቱን ላመሰግን እወዳለሁ።

መልስ 14 ምሳሌውን ከውጭ አመጣ። ግሬት ሰስፔንደር የሚባል የታወቀ የክሮም ተጨማሪ ነበር። ሰሪው በ2020 እ.ኤ.አ. ለማይታወቅ ባለቤት አሳልፎ ሰጠው፤ ጉግልም በየካቲት 2021 ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከሁሉም ተጠቃሚ ላይ አጠፋው። የኤክስዜድ ነገርም ተነሳ። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ ዓለም በሰፊው በሚሠራበት በዚያ ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ሰርጎ መግቢያ ስውር ኮድ፣ ተገኘ። በሩን ያስገባው ሰው ደግሞ ዓመታት በመልካም ሥራ አመኔታ ያተረፈ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የደረሰበት ኮምፒውተሩ ላይ መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። እኛ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይብን ላፕቶፑ አርጅቷል ብለን እናልፋለን።

መልስ 15 ከርዕሱ ወጣ፤ ለኢስፒክ የአማርኛ ድምፅ የተሻለ ምትክ አለ ወይ የሚል ነው። ሌላው ተከትሎ ጆውስን፣ በገንዘብ የሚሸጠውን ሌላ ስክሪን ሪደር፣ ክራክ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ፒያሳ አካባቢ እንዳለ ጠቆመ። አንዱ ደግሞ የደሴን ብርድና የኮምቦልቻን ሙቀት አነጻጸረ። በመካከል ግን ቁም ነገር አለ። ክራክ የተደረገ ስክሪን ሪደር ከማንኛውም አድኦን የከፋ ነው፤ ዋናው ፕሮግራም ራሱ በማይታወቅ እጅ ተነክቷል። የጆውስ ስክሪፕትም ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ብቻውን ሲሰጥ ምንጩ ስለማይያያዝ እንደ ኤንቪዲኤው ፈትቶ ማንበብ አይቻልም። ያለ ፈቃድ ጆውስ መሞከር የፈለገ በ40 ደቂቃው የሙከራ አሠራር ይጠቀም፤ ያ ሕጋዊ ነው።

መልስ 18 ብዙ ሰው ያላሰበውን ጥግ ነካ። ችግር ሲገጥመን የኤንቪዲኤን ሎግ፣ ማለትም የሠራውን የሚመዘግብበትን ጽሑፍ፣ ገልብጠን ግሩፕ ላይ እንለጥፋለን። የሎጉ ደረጃ ግቤትና ውጤትን እንዲመዘግብ ከተደረገ ግን የነካነው ቁልፍና የተነገረው ድምፅ ሁሉ ይጻፋል። የኤንቪዲኤ መመሪያ ራሱ ለግላዊነት የሚጨነቅ ሰው ይህን እንዳይመርጥ ያስጠነቅቃል። እዚያው ላይ አንዲት የሕግ ተማሪ የሰውን መረጃ ያለ ፈቃድ መጥለፍ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንደሚያስጠይቅ፣ ስለ ግል መረጃ ጥበቃም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዳለ ጨመረች።

መልስ 19 አድኦኖች ተመዝግበው ከሚወርዱበት ከራሱ ከአድኦን ስቶር ጋር ያለውን ውዥንብር ለማጥራት ሞከረ። ስቶሩ ከ2023.2 እትም ጀምሮ ኤንቪዲኤ ውስጥ፣ መሣሪያዎች የሚለው ሜኑ ላይ አለ። ፋይሉ ከተመዘገበው ጋር አንድ መሆኑን በኤስኤችኤ 256 ቁጥር ያረጋግጣል፤ ይህ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ፋይሉ በጥቂቱ ቢነካ እንኳ የሚለወጥ ቁጥር ነው። ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ አድኦን ተመርምሯል ማለት አይደለም። ስቶሩ ሲከፈት የሚመጣው ማስጠንቀቂያም አድኦኖቹን የኤንቪዲኤ አዘጋጅ ድርጅት ኤንቪ አክሰስ እንዳልመረመራቸው፣ የግል መረጃንና መላውን ኮምፒውተር ሊደርሱበት እንደሚችሉ በግልጽ ያስቀምጣል። ብዙዎቻችን ሳንሰማው ኢንተር ተጭነን አልፈነዋል። እባካችሁ አንድ ጊዜ ጨርሳችሁ ስሙት።

ሌላም ነገር አለ። በጠቅላላ ማስተካከያ ውስጥ፣ ያለውን ቅንብር በመግቢያው ስክሪን ላይም ተጠቀም የሚል አዝራር አለ። እሱን ስንጫን አድኦኖቻችንም አብረው ይገለበጣሉ። እዚያ ስክሪን ላይ ኤንቪዲኤ የሚሠራው በከፍተኛው የሲስተም ሥልጣን ነው። ስለዚህ አድኦን ካለ ያንን አዝራር አትንኩ።

መልስ 20 መምህሩ ለጠየቁት መልስ ሆነ። ጸሐፊው የሰኞ ገበያው ልጅ ነው። መንገዱ ይህ ነው፦ ኢንተርኔት ያለው አንድ ሰው ዋናውን ፋይል ከሰሪው ያወርዳል። ስቶሩ የመዘገበው ቁጥር ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ፋይሉ በፍላሽ ይሂድ፤ ተቀባዩ በፓወርሼል፣ ዊንዶውስ ላይ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ ጌት ፋይል ሃሽ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ የፋይሉን ቁጥር ያወጣል። 64 ፊደልና አኃዝ ነው። ሁለቱ በስልክ ተደዋውለው ያመሳክራሉ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተነክቷል፣ አይጫንም። ይህን ለማድረግ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ስልክ ከሠራ ይበቃል። እሱም የራሱን አድኦኖች ቁጥር ለጠየቀው ሁሉ በስልክ ሊያነብ ቃል ገባ።

ቁጥሩ አምራቹን ታማኝ አያደርገውም የሚል ተቃውሞ በመልስ 21 መጣ። ትክክል ነው። ግን ያ መንገድ ላይ የሚነካውን እጅ ያስወጣዋል፤ የእኛ ከተማ ትልቁ ችግር ደግሞ ያ ነው።

መልስ 22 የኔ ነው። አድኦን ካስገባችሁ በኋላ ኤንቪዲኤ እንግዳ ነገር ካሳየ፣ የኤንቪዲኤን ቁልፍና ኪውን አብራችሁ ተጭናችሁ ከሚመጣው ዝርዝር ያለ አድኦን እንደገና አስነሳ የሚለውን ምረጡ። ያኔ ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው አድኦን ነው። ሥራ የምትሠሩበትን ፓስወርድ ሁሉ ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ቀይሩ።

መልስ 23 ከሐይቅ ነው፤ ትናንት ማታ የገባ። ያ መልስ 11 ያነሳው አድኦን እሱም ጋ አለ። ቁጥሩን አውጥቶ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደላት ጻፈ። የኢንስቲትዩቱ ልጅ ከስቶሩ ጋር አመሳከረው። አልገጠመም። አሁን አድኦኑን አውጥቶ ዋናውን እየጠበቀ ነው። ኮምቦልቻ ያለው ልጅ ቅዳሜ ሐረጎን አቋርጦ ደሴ ስለሚመጣ ፋይሉን በፍላሽ ያቀብለናል፤ ከሐይቅ የሚመጣ ሰውም ከእኔ ይቀበላል። 64ቱን ፊደላት እኔ በስልክ አነብለታለሁ። ሌላም የሚፈልግ ካለ የአድኦኑን ስምና እትም ከታች ይጻፍ።